የስፔን ብር ላይ ምልክት ሲደረግ፣ ተቀረጸ ነው ታተመ?

ጥያቄ፦ ስለ ድሮ ሲድኒ ገንዘብ የሚያወራ ጽሁፍ እየተረጎምኩ ነው። የስፔን ብር ላይ ምልክት እያደረጉ እንደራሳቸው ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር ይላል። "የተቀረጸ" ልበል "የታተመ"? ጠገራ ብር ብለውስ ያስኬዳል?

መልስ፦ እህቴ ሁለቱንም ተያቸውና "ማህተም የተመታበት" በዪ። ብር ተቀረጸ ካልሽ አንባቢው ገና ከመነሻው የተሰራ ነው የሚመስለው፣ አጼ ምኒልክ ፓሪስ ብር አስቀረጹ እንደምንለው ማለት ነው፣ ታተመ ካልሽ ደሞ አሁን ሰው ቶሎ የሚመጣለት የወረቀት ብር ነው። ይሄኛው ግን ስፔኖች ሰርተው የጨረሱት ብር ነው፣ ሌላ መንግስት በኋላ መጥቶ ነው ላዩ ላይ የራሱን ያሳረፈበት። ቀበሌ ስትሄጂ "ደብዳቤሽ ማህተም አልተመታበትም" ብለው ይመልሱሽ የለ፣ እሱው ነው እኮ! ለምሳሌ የእንግሊዝ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1797 የስፔኑ ንጉስ አንገት ላይ የጆርጅ 3ኛን ትንሽዬ ምስል መትቶበት ነው ብሩን ያወጣው፣ እዚህ ላይ ቃሉ ልክክ ይላል።

የሲድኒው ግን ማህተም ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ አገረ ገዢ የነበረው ማኳሪ በ1812 40,000 የስፔን ብር መጣለትና ነጋዴው በመርከብ ይዞት እንዳይወጣ ስለፈለገ፣ ሄንሻል የሚባል ሀሰተኛ ገንዘብ ሲሰራ ተይዞ የተፈረደበት እስረኛ መሀል መሀሉን እየበሳ እንዲያወጣው አደረገ፣ ቀለበቱ ላይ ባንድ በኩል ኒው ሳውዝ ዌልስ (ሲድኒ ያለችበት ግዛት ስም ነው) 1813፣ በሌላው በኩል አምስት ሺሊንግ የሚል ተመታበት፣ ከመሀል የወጣው ክብ ቁራጭም የራሱ ማህተም ተመቶበት 15 ፔንስ ሆነ። ያኔ አንድ ሺሊንግ 12 ፔንስ ስለነበር፣ ያው ካንዱ ብር 6 ሺሊንግ ከ3 ፔንስ ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ "መሀሉ ተበስቶ ማህተም የተመታበት የስፔን ብር" ብለሽ አንዴ አስተዋውቂው፣ ከዛ በኋላ "የተበሳው ብር" ይበቃል። "ቀዳዳ ብር" ግን እባክሽ እንዳትዪ፣ ያረጀና የማይረባ ነገር ያስመስለዋል፣ ይሄ እኮ ህጋዊ ገንዘብ ነበር።

ጠገራ ብር ያልሽው አያስኬድም። ጠገራ የኦስትሪያዋ ማርትሬዛ ናት፣ 1780 የሚለው ያለባት፣ የስፔኑን በሷ ስም ከጠራሽው አንባቢው የሚያስበው አያቶቻችን የሚገበያዩባትን ብር ነው። ፖርቹጋሎች ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሞዛምቢክ ውስጥ እዛችው ማርትሬዛ ላይ ዘውድና ሁለት ፊደል ያለበት ማህተም ይመቱ ነበር፣ ስለሱ የምትተረጉሚው ካጋጠመሽ "ማህተም የተመታበት ጠገራ ብር" ብለሽ ያለስጋት ጻፊው።