ከኋላ በር ጀምሩ፦ ስለ ድሮ ስቴሽን ዋገን ዋጋ ጥያቄና መልስ

ፔዦ ሥር ተኝቼ ያሳለፍኩት ጊዜ አልጋ ላይ ከተኛሁት አያንስም። ሰሞኑን የድሮ ስቴሽን ዋገን ዋጋ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ዛሬ ከሰዓቱን ለእናንተ ሰጥቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ፎቶ ልካችሁ «ስንት ያወጣል?» አትበሉኝ። ፎቶ ላይ ዝገት ቡና ይመስላል፣ ስቱኮ (ዝገትና ጎድጓዳ የሚደፈንበት ልጥፍ) ደግሞ ጭራሽ አይታይም።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የ1979 ሥሪት ፔዦ 504 ስቴሽን ዋገን አግኝቻለሁ፤ 650 ሺህ ብር ይላሉ። ሞተሩ ትንሽ ያጨሳል፣ የኋላ በሩ ከሥር ዝጓል፣ ሦስተኛው ወንበር የለም። ባለፈው ወር ቢሾፍቱ በጣም ንጹሕ የሆነ አይቼ 900 ሺህ ነው ተብያለሁ። ይኼኛው ተጋኗል?

መልስ፦ ማነጻጸሪያ ይዘህ መምጣትህ ጥሩ ነው፤ ብዙው ሰው ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። ግን 900 ሺህ የተጠየቀ እንጂ የተሸጠበት ዋጋ አይደለም። መጀመሪያ ለቢሾፍቱው ሰው ደውልና በስንት እንደለቀቀው ጠይቀው። ከሸጠ በኋላ ማንም እውነቱን አይደብቅም።

አሁን ወደ መኪናው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ኮፈን ያስከፍታል። አንተ ከኋላ በር ጀምር። የ504 ስቴሽን ፊቱ ከሴዳኑ ጋር አንድ ነው፤ ፓራውልት ብትል፣ መብራት ብትል፣ ራዲያተር ብትል ሶማሌ ተራ ዞረህ ታገኛለህ፤ ባታገኝም ያገለገለ የሚሸጥልህ አታጣም። ሞተሩም አያስፈራህ፤ የቤንዚኑ ሞተር ሊነሩ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) ተነቅሎ በአዲስ የሚተካ ስለሆነ ሰማያዊ ጭስ ወጪ ነው እንጂ ሞት አይደለም። ከሁለተኛው ወንበር ወደ ኋላ ያለው ግን የስቴሽኑ ብቻ ነው። ረጃጅሞቹ የጎን መስታወቶች፣ የኋላ በሩ፣ የኋላ መብራቱ፣ ሦስተኛው ወንበር። አንዱ የጎን መስታወት ቢሰነጠቅ ምትክ ፍለጋ ስንት ወር እንደምትንከራተት እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልልና ይዘህ ሂድ። ከኋላ ጎማ በላይ ያለውን ቅስት፣ የበሩን ሥርና የመስታወቶቹን ጠርዝ እያስነካህ ሂድ። ማግኔቱ ላሜራ ላይ ይይዛል፤ ስቱኮ ላይ ከእጅህ ይወድቃል። ከዚያ የወለሉን ምንጣፍ ግለጥ፤ ሻጩ «ተጣብቋል» ካለህ ለምን እንደተጣበቀ ገብቶሃል። በመጨረሻ አንድ ባልዲ ውኃ በጣሪያው ጠርዝ አፍስሰህ ውስጥ ገብተህ ተቀመጥ። ጠብ የሚልበትን ታያለህ።

ያንን ስትጨርስ ለላሜራና ለቀለም፣ ለሞተር፣ ለጎማ ዋጋ አስጠይቀህ ተመለስ። ሒሳቡን አብረን እንሠራለን።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ እዚህ በ404 ታክሲ ነው ያደግነው። አንድ ሰው «404 ስቴሽን ዋገን» እያለ የሚሸጠው መኪና አለ፤ ጎረቤት ግን ሴዳን ቆርጠው የቀጠሉት ነው ይላል። በምን ይለያል?

መልስ፦ በሜትር። ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት ለካ። የ404 ሴዳን 2 ሜትር ከ65 ሳንቲም ነው፤ ስቴሽኑ 2 ሜትር ከ84። 504 ከሆነ ሴዳኑ 2 ሜትር ከ74፣ ስቴሽኑ 2 ሜትር ከ90። ጣሪያ መቀጠል ይቻላል፤ ሻንሲ ማርዘም ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ ቆራጭ አይደክምበትም። የተቆረጠ ከሆነ ዋጋው የሴዳን ዋጋ ነው፤ ከዚያም ይቀነሳል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ሻጩ ባለቤቱ አይደለም፤ ውክልና ነው የያዘው። ባለቤቱ ውጭ አገር ናቸው አሉ። በዚህ ምክንያት ዋጋውን ላስቀንስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይኼ የዋጋ ጉዳይ አይደለም፤ የመግዛትና ያለመግዛት ነው። ወካዩ ከሞቱ ውክልናው ይቀራል፤ በእነዚህ መኪኖች ዕድሜ ደግሞ ባለቤቱም ሽማግሌ ናቸው። በቪዲዮ አነጋግሪያቸው። ውክልናው መሸጥን በግልጽ እንደሚፈቅድ አንብቢ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ራስሽ መኪናው ላይ አይተሽ አመሳክሪ፤ በተለይ ሞተሩን። ብዙ ፔዦ በኋላ የቶዮታ ሞተር ተገጥሞለታል፤ ቅያሪው ሊብሬ ላይ ካልሰፈረ ስም ሲዛወር ትቸገሪያለሽ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም ቀብድ ከመስጠትሽ በፊት አጣሪ። አንድ ደንበኛዬ ቀብዱን ከፍሎ ነው ያጣራው፤ ዛሬም ያንን መኪና ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ሻጩ «ይኼ የሳፋሪ አሸናፊ ነው» እያለ ዋጋ ይቆልላል።

መልስ፦ ሳፋሪ የምሥራቅ አፍሪካ የመኪና ውድድር ነው፤ ሞዴሉ አሸንፏል፤ እውነት ነው። 404 እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ66፣ በ67 እና በ68፤ 504 ደግሞ በ1975 እና በ78። የሱ መኪና ግን አላሸነፈም። ለታሪኩ ሻይ ጋብዘው፤ ብር አትጨምርለት።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ የ1985 ቮልቮ 240 ስቴሽን ዋገን ሊገዛ ነው ወንድሜ። ማይሉ 140 ሺህ ነው ይላል። በኋላ ወደ አዲስ አበባ ልንልከውም አስበናል።

መልስ፦ ማይሉን እርሱት። የ240 ኪሎሜትር ቆጣሪ ውስጥ ጥርሷ የምትሰበር ትንሽ የፕላስቲክ ማርሽ አለች፤ ስትሰበር መኪናው ይሄዳል፣ ቁጥሩ ይቆማል። የድሮ የጋራዥ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ማይሉ እዚያ ላይ ተጽፏል። ዋጋ ላይ የሚያስደራድራችሁ የሞተሩ ክፍል ሽቦ ነው፤ ከ1980 እስከ 87 በተሠሩት ላይ የሽቦው ልባስ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ተቀይሮ ከሆነ ጥሩ፤ ካልተቀየረ የመቀየሪያው ወጪ ከዋጋው ይውጣ። መላኩን ግን ተዉት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ሰማይ ሰቅሎታል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። እዚያው ንዱት።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ መርሰዲስ 300 ቴዴ፣ ናፍጣ፣ የ1983። ባለቤቱ ኤች ታርጋ (ጀርመን ለታሪካዊ መኪና የሚሰጥ ታርጋ) ስላለው ነው የተወደደው ይላል።

መልስ፦ ምክንያቱ ከንቱ አይደለም። ኤች ታርጋ ያለው መኪና በዓመት የሚከፍለው ግብር ቁርጥ ነው፣ 191 ዩሮ ከሳንቲም፤ የሚበክል መኪና እንዳይገባ የተከለከለባቸው የከተማ ቀጠናዎችም ይገባል። ለሦስት ሊትር ናፍጣ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። አንተ ግን ኋላው ላይ ቁም። ይኼ መኪና የኋላ ቁመቱን በዘይት ግፊት ራሱ ያስተካክላል። ሞተሩን አስነስተህ ከኋላ በክብደትህ ጫን፤ ለስለስ ብሎ መውረድና መመለስ አለበት። እንደ ድንጋይ እምቢ ካለህ የጋዝ ኳሶቹ አልቀዋል፤ ይቀነስ።

ጥያቄ (ከነታንያ)፦ ሱሲታ ስቴሽን፣ የእስራኤል ሥሪት። አካሉ ፋይበር ግላስ ስለሆነ አይዝግም ተባልኩ።

መልስ፦ አካሉ አይዝግም፤ ከሥሩ ያለው ሻንሲ ግን ብረት ነው። ነታንያ የባሕር ዳር ከተማ መሆኗን አትርሳ። ጋደም ብለህ እይ።

ጥያቄ፦ ቦሎ አለው ማለት ደህና ነው ማለት አይደል?

መልስ፦ ምርመራ ያለፈበት ቀን ደህና ነበር ማለት ነው።

ጥያቄ (የአዳማው፣ ተመልሶ)፦ ጋሼ፣ ደወልኩ። የቢሾፍቱው 820 ተሽጧል። ለላሜራና ለቀለም 150፣ ለሞተር 80፣ ለጎማ 30 ተባልኩ። ማግኔቱ የግራ ቅስት ላይ ሁለት ጊዜ ወድቋል።

መልስ፦ ጎበዝ። ድምሩ 260 ሺህ። እኔ ሁልጊዜ አንድ አምስተኛ እጨምራለሁ፤ ቀለሙ ሲፋቅ የሚገኘውን ማንም አያውቅም። 312 ሆነ። ከ820 ሲነሳ 508 ይቀራል። በዚያ ላይ ሦስተኛው ወንበር የለም፤ ያለ ወንበሩ ደግሞ የዕቃ መኪና ነው። 470 ብለህ ጀምር፣ 500 ላይ ቁም።

ጥያቄ (የአዳማው)፦ 530 ላይ ድርቅ ብለዋል።

መልስ፦ ወንበሩን ጠይቃቸው። ሰው ዕቃ ሊጭንበት ነቅሎ ያወጣዋል እንጂ አይጥለውም። ጎተራ፣ በረንዳ፣ የዘበኛ ቤት አስፈልጋቸው።

ጥያቄ (የአዳማው)፦ ጋሼ! በረንዳ ላይ ነው! እናታቸው ጸሐይ የሚሞቁበት ነው፤ ሽፋኑ እንኳ አልተቀደደም።

መልስ፦ በል 530ውን ክፈል። ስትሄድ ግን ለእናትየው ጥሩ ወንበር ገዝተህ ሂድ።