መንዳቱ ይቆይህና መጀመሪያ ጨርቁን ያዝ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ብየዳም ቶርኖም እችላለሁ። ሰሞኑን ፈረንጆች ያረጀ የእንፋሎት ባቡር በነፃ እየጠገኑ ሰው ሲያሳፍሩበት በስልኬ አየሁና ልቤ እዛው ቀረ። እኔስ እንዲህ አይነት በጎ ፈቃድ መስራት እችላለሁ ወይስ ውጭ ካልሄዱ አይሆንም? እውነቱን ለመናገር መንዳት ነው የምፈልገው። (የጋራዡ ልጅ)

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ሙያህ ተፈላጊ ነው። መንዳቱን ግን ቁርጡን ልንገርህ፣ የትም ሀገር ብትሄድ በመንዳት የጀመረ በጎ ፈቃደኛ የለም። አሮጌ ባቡር በበጎ ፈቃደኞች ማንቀሳቀስ በዓለም መጀመሪያ የተጀመረው ዌልስ ውስጥ ታሊሊን የሚባል ትንሽ የባቡር መስመር ላይ ነው። በፈረንጆቹ 1865 ነው የተከፈተው፣ የጣሪያ ድንጋይ ያመላልስ ነበር፣ ሊዘጋ ሲል ጊዜ በ1951 በጎ ፈቃደኞች ተረከቡት። እንደዛ አይነት ቦታ ስትገባ መጀመሪያ ጨርቅ ነው የሚሰጡህ፣ ጥላሸትና ዘይት ትጠርጋለህ፣ ከዛ ከሰል ጨማሪ ትሆናለህ፣ ከዛ ተፈትነህ ሲሳካ ሹፌር፣ ይሄ ሁሉ ደግሞ አመታት ይወስዳል። ሰው ስለሚንቁ እንዳይመስልህ። የእንፋሎት ባቡር ቦይለር (ውሀው የሚፈላበት በርሜል) ውስጥ ውሀው ወርዶ ከእሳቱ ሳጥን በላይ ያለው ብረት ከተጋለጠ ብረቱ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ከዛ በኋላ ፍንዳታ ነው። ጨርቅ ይዞ ሲጠርግ የከረመ ሰው ግን የትኛው ቱቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ በእጁ ያውቀዋል።

አንተ በቶርኖህ ነው የምትፈለገው፣ ምክንያቱም የመቶ አመት ባቡር መለዋወጫ ሱቅ ስለማይሸጥ አሮጌውን ለክቶ አዲስ የሚያወጣ ሰው የግድ ነው። ብየዳውን ግን ከፉርጎ ጀምር፣ በር፣ መስኮት፣ የዛገ ላሜራ፣ የመሳሰለውን። ቦይለር ለብቻው የተፈተነ በያጅ ስለሚፈልግ «እኔ እችላለሁ» ብለህ እንዳትጠጋው።

ውጭ መሄድ አያስፈልግህም፣ የኛው ድሬዳዋ አለ። የጅቡቲው መስመር በፈረንጆቹ 1897 ተጀምሮ ድሬዳዋ 1902፣ አዲስ አበባ ደግሞ 1917 ገባ፣ የሀዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው። በፈረንጆቹ 2016 የተመረቀው አዲሱ ባቡር በሌላ ሰፊ ሀዲድ ስለሚሄድ አሮጌው ንብረት ጠባቂ ነው የሚፈልገው፣ የድሮው ጣቢያና ወርክሾፕ ድሬዳዋ ውስጥ ነው። ዝም ብለህ «ልርዳችሁ» ብትል ማንም አይሰማህም፣ ደብዳቤ ፃፍ፣ ምን ምን እንደምትችል፣ ስንት ቀን እንደምትቆይ፣ ማደሪያህን ራስህ እንደምትችል ግለጥ፣ ፈቃድ ሳታገኝ አንድ ብሎን እንዳትፈታ። እንዲያውም ይሄን አስምርበት፣ የድሮ ባቡር ቦይለር ላይ እንደ ጥጥ የተጠቀለለ ነገር ካየህ አትንካው፣ አትጥረገው፣ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል፣ አቧራው ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። የድሮ ቀለምም ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ስለሚችል በግራይንደር አትፋቀው።

የኤርትራውም ታሪክ ይጠቅምሃል። ከምፅዋ አስመራ ያለው 118 ኪሎ ሜትር መስመር ከነፃነት በኋላ ሲታደስ የባቡሩን ጠባይ የሚያውቁት የድሮ ሰራተኞች ስለነበሩ ከጡረታ ተጠርተው መጡ። ስለዚህ ድሬዳዋ ስትሄድ መጀመሪያ ሽማግሌ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ ነው፣ ያደግኩት ግን ድሬዳዋ ነው፣ ፈረንሳይኛም እችላለሁ። ጉልበቴ ያመኛል፣ የሀረጎን ቁልቁለት በመኪና መውረድ እንኳን ከብዶኛል። እኔን የመሰለች አሮጊት ለባቡር ምን ትሰራለች? (ጡረተኛዋ)

መልስ፦ እማማ፣ ከሁላችንም የሚሻል ስራ በእርስዎ እጅ ነው ያለው። የምድር ባቡር መስሪያ ቤት ለረጅም ጊዜ በፈረንሳይኛ ነው የሰራው፣ ደብዳቤው፣ የክፍያ ወረቀቱ፣ የእቃ መዝገቡ። ያንን የሚያነብ ሰው በየአመቱ እየቀነሰ ነው። ውጭ ሀገርም ቢሆን እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ባቡሩን የሚነኩት ጥቂቶች ናቸው፣ የቀረው ሰው ትኬት ይቆርጣል፣ ሻይ ያፈላል፣ እንግዳ ያዞራል፣ ፎቶ ይለያል።

ስለዚህ ከሶፋዎ ሳይነሱ ይጀምሩ። የአብሮ አደጎችዎ ቤት ያለውን ፎቶ የልጅ ልጅዎ በስልክ ያንሳልዎት፣ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ በግምት መቼ እንደሆነ የወረቀቱ ፎቶ ጀርባ ላይ በእርሳስ ቀስ ብለው ይፃፉ፣ በእስክሪብቶ ግን አይሆንም፣ ቀለሙ ወደ ፊት ለፊቱ ያልፋል። ትዝታዎንም በድምፅ ይቅዱ፣ ባቡሩ ሲደርስ ማን ምን ይሸጥ ነበር፣ ሰው ለምን ጉዳይ ይሳፈር ነበር፣ እንዲህ ያለው መዝገብ ላይ የለም። ኮፒውን ለወመዘክር (ለብሔራዊው ቤተ መፃህፍትና ቤተ መዛግብት) መስጠት ይቻላል፣ ዋናው እርስዎ ጋ ይቅር።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ያለው አዲሱ የባቡር ጣቢያ ላይስ በጎ ፈቃድ ይቻላል?

መልስ፦ ያ ገና አዲስ ነው እኮ! ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሀራ ገበያ የሚደርሰው መስመር ስራው በፈረንጆቹ 2015 ነው የተጀመረው፣ የገነባውም ያፒ መርከዚ የሚባል የቱርክ ድርጅት ነው። በኤሌክትሪክ እንዲሄድ የተሰራ ስለሆነ ለፎቶ ብላችሁ ምሰሶው ላይ እንዳትወጡ። ግንባታው ላይ የሰራችሁ ካላችሁ ግን የስራ መታወቂያችሁን፣ ሄልሜታችሁንና ስልካችሁ ላይ ያለውን ቪዲዮ አትጣሉ፣ ቪዲዮውንም ስልክ ከመቀየራችሁ በፊት ሌላ ቦታ አስቀምጡት።