ወለድ እየወረደ ነው፤ ገንዘባችንን የት እናስቀምጥ? ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ስለ አሜሪካ ወለድ ጠይቁኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። ነገሩን ታውቁታላችሁ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ (ፌዱ)፣ ማርች 2022 ላይ ወለዱን ከዜሮ አካባቢ ማንሳት ጀመረ። ጁላይ 2023 ላይ 5.25–5.50 በመቶ አደረሰው። ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ ደግሞ እየቀነሰ፣ ዲሴምበር 2025 ላይ 3.50–3.75 ገባ። 5 በመቶ የለመድን ሰዎች ግራ ገብቶናል። እኔ የኢንቨስትመንት አማካሪ አይደለሁም። የወገኖቼን ታክስ ለዓመታት ስሞላ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። አንድ ልመና አለኝ፦ ገንዘቡ መቼ እንደሚያስፈልጋችሁ ሳትነግሩኝ "የት ላድርገው?" አትበሉኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ 40 ሺህ ዶላር ሴቪንግ ላይ ተቀምጧል። የሚከፍሉኝ ወለድ ለስሙ ነው። ሲዲ ይሻለኛል ወይስ ቲ-ቢል?

መልስ፦ ሲዲ ማለት ባንክ ለተወሰነ ጊዜ በተወሰነ ወለድ የሚይዝልሽ ተቀማጭ ነው። ቲ-ቢል ማለት ደግሞ ለአሜሪካ መንግሥት ለአጭር ጊዜ ማበደር ነው። ዛሬ 9,800 ዶላር ከፍለሽ ከ26 ሳምንት በኋላ 10,000 ብትቀበዪ፣ 200ዋ ወለድሽ ናት። በዓመት ሲሰላ 4 በመቶ አካባቢ ማለት ነው። ትሬዠሪ ዳይሬክት በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ከ100 ዶላር ጀምሮ መግዛት ይቻላል።

አሁን ሰው የሚዘለውን ልንገርሽ። የቲ-ቢል ወለድ የፌዴራል ታክስ እንጂ የስቴትና የካውንቲ ታክስ የለበትም። የሲዲ ወለድ ግን ሁሉም አለበት። አንቺ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነሽ። ለብዙ ሠራተኛ የሜሪላንድ 4.75 እና የካውንቲው 3.2 ሲደመር 8 በመቶ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። 40 ሺህ ዶላር በ4 በመቶ 1,600 ዶላር ወለድ ያመጣል። ሲዲ ከሆነ ከዚያ ላይ ወደ 127 ዶላር ለስቴትና ለካውንቲ ይሄዳል። ቲ-ቢል ከሆነ አይሄድም። ስለዚህ ወለዳቸው እኩል ከሆነ እኩል አይደሉም።

ታክስ ስታሠሪ ደግሞ ስለ ወለድሽ የሚላክልሽ 1099 ፎርም ላይ ሣጥን 3ን እዪ። የመንግሥት ቦንድና የቲ-ቢል ወለድ የሚጻፈው እዚያ ነው። የሚሞላልሽ ሰው ከስቴት ገቢሽ ላይ ካልቀነሰው፣ የሌለብሽን ታክስ ከፈልሽ ማለት ነው። ስንት ጊዜ አይቻለሁ! በየዓመቱ የሰው ፎርም አስተካክያለሁ።

ከዳላስ፦ ቴክሳስ የስቴት የገቢ ታክስ የለም። ለእኛ ይሄ ሁሉ ሒሳብ አይሠራም።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ሁሉም ሰው ቴክሳስ አይኖርም ወንድሜ።

ከዳላስ፦ ለዚህ እኮ ነው ኑ የምንላችሁ። ቤቱም ርካሽ ነው።

ከአሌክሳንድሪያ፦ የቤቱን ፕሮፐርቲ ታክስም አብረህ ንገራቸው እንጂ!

መልስ፦ ወደ ወለዱ እንመለስ። የዳላሱ ወንድማችን እውነቱን ነው። የስቴት ታክስ የሌለበት ሰው ሁለቱን በወለዳቸው ብቻ ማወዳደር ይችላል። ሲዲ የሚገዛ ሁሉ ግን ኮለብል አለመሆኑን ይይ።

ከአትላንታ፦ ኮለብል ምንድን ነው?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ኮለብል ሲዲ ማለት ባንኩ ሲፈልግ፣ ጊዜው ሳይደርስ ገንዘብሽን መልሶ ሊዘጋው የሚችለው ሲዲ ነው፤ ይሄ "መጥራት" ይባላል።

በ2023 መጨረሻ አክስቴ በብሮከር በኩል የ5 ዓመት ሲዲ ገዛች። 60 ሺህ ዶላር፣ በ5.5 በመቶ። በየስድስት ወሩ 1,650 ዶላር ይገባላታል። በዚያ የቤት ኢንሹራንሷን ልትከፍል አስባ፣ ወረቀቱን ፍሪጇ ላይ ለጥፋው ነበር። ዓመት እንደሞላ ደብዳቤ መጣ። ባንኩ ሲዲውን ጠርቶታል። ዋናውንም እስከዚያ ቀን ያለውንም ወለድ ሳያጎድል መለሰላት። የቀረው የ4 ዓመት ወለድ ግን ቀረ። ገበያው ላይ ደግሞ ያን ጊዜ 5.5 የሚከፍል አልነበረም። ደብዳቤውን ይዛ ቤቴ መጣችና "ምን አጥፍቼ ነው?" አለችኝ። ምንም አላጠፋችም። ውሉ ሦስተኛ ገጽ ላይ "ከ1 ዓመት በኋላ መጥራት ይቻላል" ይላል። ስትገዛ ደውላልኝ ነበር። እኔም ወለዱን ብቻ ጠይቄ "ጥሩ ነው" አልኳት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወለድ ሲወርድ ባንኩ ይጠራዋል። ወለድ ሲወጣ ዝም ይላል፤ አንቺ በትንሹ ወለድ ታስረሽ ትቀሪያለሽ። በሁለቱም በኩል የሚጎዳው ገንዘቡን ያስቀመጠው ሰው ነው። ተጨማሪ ወለድ የሚሰጡሽም ለዚህ ነው። አንዳንዱ ላይ "የ1 ዓመት ኮል ፕሮቴክሽን" ተብሎ ይጻፋል። ሰው የ1 ዓመት ሲዲ ይመስለዋል። አይደለም! ባንኩ ለ1 ዓመት አይጠራውም ማለት ብቻ ነው። ሲዲው የ10 ዓመት ሊሆን ይችላል።

ከሲያትል፦ 50 ሺህ አለኝ። የት ላድርገው?

መልስ፦ መቼ ነው የምትፈልገው?

ከላስ ቬጋስ፦ 401ኬ (የሥራ ቦታ የጡረታ ቁጠባዬ) ውስጥ ያለኝ የቦንድ ፈንድ በ2022 ወረደብኝ። ቦንድ አይከስርም ብለውኝ ነበር።

መልስ፦ ቦንድና የቦንድ ፈንድ አንድ አይደሉም። ቦንድ ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ ያበደርከው ገንዘብ ነው፤ ፈንድ ደግሞ የብዙ ቦንዶች ስብስብ ነው። አንድ ቦንድ ገዝተህ ጊዜው እስኪደርስ ከያዝከው፣ ተበዳሪህ እስካልከሰረ ድረስ ዋናህ ይመለሳል። ፈንድ ግን የሚደርስበት ቀን የለውም፤ ዋጋው በየቀኑ ይተመናል። ወለድ ሲወጣ በድሮ ወለድ የተሸጠው ቦንድ ዋጋው ይወርዳል። የፈንዱን ዱሬሽን እይ፤ ዋጋው ለወለድ ለውጥ ምን ያህል እንደሚነካ የሚያሳይ ቁጥር ነው። 6 ከሆነ፣ ወለድ በ1 በመቶ ሲወጣ ዋጋው ወደ 6 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሲወርድም በተቃራኒው ነው። በ2022 ዋናው የአሜሪካ ቦንድ ኢንዴክስ 13 በመቶ ገደማ ወርዷል። የረጅም ጊዜዎቹ ፈንዶች ከሩብ በላይ አጥተዋል። ጡረታህ ሩቅ ከሆነ ግን ደንግጠህ አትሽጥ።

ከሚኒያፖሊስ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ወለድ አልቀበልም። ለእኔ የሚሆን ምን አለ?

መልስ፦ ሐላልና ሐራሙን ኡስታዝህን ጠይቅ፤ እኔ የማልገባበት ነው። በወለድ ፋንታ ቤት ማከራየት ከሆነ ሐሳብህ፣ የታክሱን ጎን ሌላ ቀን ለብቻው እናየዋለን።

ከሎስ አንጀለስ፦ አሁን አሪፍ የሚከፍለው ምንድን ነው?

መልስ፦ ለመቼ? እባካችሁ መግቢያውን አንብቡ።

ከዴንቨር፦ አገር ቤት ባንክ የሚከፍለው ከዚህ ይበልጣል። ለምን እዚያ አላስቀምጥም?

መልስ፦ ዶላርህ ወደ ብር ተቀይሮ ከሆነ፣ ወለዱን ብቻ አትይ። ጁላይ 2024 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከዚያ በፊት 10 ሺህ ዶላር በ57 ቀይሮ፣ 15 በመቶ ወለድ እንኳ ያገኘ ሰው እጁ ላይ 655,500 ብር አለ። በ100 ሲመለስ 6,555 ዶላር ነው። አገር ቤት በብር የምታወጣው ነገር ካለህ ሌላ ነው። ከዚህ በላይ አልገባበትም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላ ሰው፦ እኔ ዕቁብ ይሻላል ባይ ነኝ። በዕቁብ ነው ታክሲዬን የገዛሁት።

ከዳላስ፦ ዕቁብ ወለድ የለውም እኮ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላ ሰው፦ ሰው የሚቆጥበው ሲገደድ ነው። የአንተ ቲ-ቢል ማንን አስገድዶ ያውቃል?

ከአሌክሳንድሪያ፦ ሰብሳቢው ቢጠፋስ?

መልስ፦ ዕቁብ ለመቆጠብ ድንቅ ነው፤ እኔም ገብቼ አውቃለሁ። የዛሬው ጥያቄ ግን የተቆጠበው ገንዘብ ስለሚያመጣው ገቢ ነው።

ከሲያትል፦ እሺ፣ ቀን የለኝም። ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ነው። መኒ ማርኬት ፈንድ ባደርገውስ?

መልስ፦ እንዲህ ሲሆን መልስ ይገኛል። መኒ ማርኬት ፈንድ የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ እንደ ቲ-ቢል ላሉ አጫጭር ብድሮች የሚያውል ፈንድ ነው። ምቹ ነው፤ በፈለግከው ቀን ታወጣዋለህ። ወለዱ ግን ፌዱን ተከትሎ ወዲያው ይወርዳል። ዛሬ የምታየው ቁጥር ቃል ኪዳን አይደለም። ለሚመጡት ዓመታት የታወቀ ገቢ ከፈለግክ የተወሰነውን ወደ ረዘም ያለ ማሻገር አለብህ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ ይኸው ቀኑን ልንገርዎ። 15 ሺው ልጄ ኦገስት 2027 ኮሌጅ ስትገባ ነው። 10 ሺው ለክፉ ቀን። የቀረው 15 ሺህ ለአምስት ዓመት አያስፈልገኝም።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይስጥሽ። የክፉ ቀኑ 10 ሺህ በፈለግሽው ሰዓት የሚወጣ ይሁን፦ ጥሩ የሚከፍል ሴቪንግ ወይ የቲ-ቢል መኒ ማርኬት። የልጅሽን በ52 ሳምንት ቲ-ቢል ጀምሪ። ሲደርስ የኮሌጁን ቀን ቆጥረሽ ከኦገስት በፊት የሚያልቅ አጭር ቲ-ቢል ግዢበት። ወለዱ ቢወርድም አትቆጪ፤ የዚያ ገንዘብ ሥራ በቀኑ መገኘት ነው። በመጨረሻው 15 ሺህ የ5 ዓመት ትሬዠሪ ኖት፣ ማለትም ረዘም ያለ የመንግሥት ቦንድ፣ ግዢበት። ወለዱን በየስድስት ወሩ ይከፍልሻል፤ ማንም አይጠራብሽም። ሲዲ የተሻለ ይከፍላል ካሉሽ፣ ሳትፈርሚ የውሉን ገጾች በሙሉ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።