ቤቱ ፏፏቴው ዘንድ ከደረሰ በኋላ ፊልሙ ለምን ይቀጥላል?

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው «አፕ» የተባለው የአኒሜሽን ፊልም ቤቱ ፏፏቴው አጠገብ ካረፈ በኋላ ለምን እንደማያልቅ ጠይቀዋል። በእኔ አረዳድ የታሪኩ አወቃቀር የቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ ሽማግሌው ካርል በፊኛ የሚበረውን ቤት ሟች ሚስቱ ኤሊ ወደተመኘችው ስፍራ ሲያደርስ የተነሣበት ዓላማ ይፈጸማል፤ ነገር ግን ቤቱን ለማዳን ሲል በጉዞው ያገኟትን ብርቅዬ ወፍ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳድዳት ለኖረው አሳሽ ለመንዝ አሳልፎ ሰጥቷልና አብሮት የተጓዘው ትንሹ ልጅ ራስል ተቀይሞታል፣ እርሱም ብቻውን ቀርቷል።

መታጠፊያው ኤሊ ከልጅነቷ ጀምሮ የያዘችው የጀብዱ አልበም ነው። ካርል ባዶ የመሰሉትን ገጾች ሲገልጥ ኤሊ የትዳር ዘመናቸውን ፎቶግራፎች ለጥፋባቸው ያገኛል፤ አብረው የኖሩት ኑሮ ራሱ ጀብዱዋ እንደነበረም ይረዳል። ከዚያ ዕቃውን እያወጣ ሲወረውር ቤቱ ቀሎት ዳግም ይነሣል፤ የሁለቱ ወንበሮች ግን ሜዳው ላይ ጎን ለጎን ይቀራሉ። እዚህ ጅማ፣ እኛ ቤት የአያቴ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ማንም ሳይቀመጥበት ዛሬም ጥግ ይዞ ስላለ፣ ይህን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር ልቤ ይነካል።

የመንዝ ክፋት በበኩሉ ጥድፊያ የበዛበት ይመስለኛል፤ ሆኖም ካርል ከአሮጌ ሕልሙ ባይላቀቅ ኖሮ ምን ዓይነት ሰው ይሆን እንደነበር ያሳያል።