ቮልስ ወደ ውድድር ሜዳ ስትገባ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ፎርሙላ ቪ ጥቂት ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ጽሑፉን ላላነበባችሁ፦ ፎርሙላ ቪ ባለ አንድ መቀመጫ የውድድር መኪና ናት። አራቱም ጎማዎቿ ከአካሏ ውጭ ናቸው። ሻንሲዋና የፋይበር ግላስ አካሏ በኪት፣ ማለትም ሳይገጣጠሙ፣ ይመጣሉ። ሞተሯ፣ ካምቢዮዋ፣ የፊት እግሯና ፍሬኗ ግን የዚያችው የምናውቃት ቮልስ ናቸው። ገጣጥሞ ሜዳ ማድረስ የባለቤቱ ሥራ ነው። ከጥያቄዎቹ አምስቱን እነሆ።

«አባቴ ቮልስ ነበራቸው። ዳገት ላይ ምን ያህል እንደምትቸገር አውቃለሁ። እውነት በዚያ ሞተር ይወዳደራሉ?» (ከአዲስ አበባ)

እውነት ነው ወንድሜ። ያው ባለ 1200 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር ነው። ነገሩ የተጀመረው ፍሎሪዳ ውስጥ ነው። ሂዩበርት ብረንዴጅ የሚባል የቮልስዋገን ነጋዴ በ1959 አካባቢ ጣሊያናዊውን መኪና ሠሪ ኤንሪኮ ናርዲን በቮልስ ዕቃ ባለ አንድ መቀመጫ መኪና እንዲሠራለት አዘዘው። በ1963 የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ ራሱን የቻለ የውድድር ምድብ አደረጋት።

ምስጢሩ ክብደቷ ላይ ነው። የአባትህ ቮልስ ባዶዋን ከ700 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። በክለቡ ደንብ የፎርሙላ ቪ ዝቅተኛ ክብደት ከነነጂው 465 ኪሎ ገደማ ነው። ደግሞ ሞተሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ገንዘብ ያለው ሰው ትልቅ ሞተር ገዝቶ አይቀድምህም። ብራዚላዊው ኤመርሰን ፊቲፓልዲ ከወንድሙ ከዊልሰን ጋር ፎርሙላ ቪ እየሠራ ይወዳደር ነበር። በ1967 የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1972 ደግሞ የፎርሙላ ዋን። ኦስትሪያዊው የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ኒኪ ላውዳም በዚችው መኪና አልፏል።

«አንድ ሰው ጀምሮ የተወውን ኪት በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ልግዛ?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ዕቃውን አንድ በአንድ ሳትቆጥር አትግዛ። እኔ የመጀመሪያዬን የገዛሁት እንደዚሁ ነው። ሻንሲው ንጹሕ ነበር፣ አካሉ አልተነካም፣ ሦስት ካርቶን ሙሉ ዕቃ አብሮ ነበር። ቤት ገብቼ መሬት ላይ ስዘረጋው የፔዳሉ ዘንጎችና የመሪው መያዣ የሉም። ኪቱን የሠራው ድርጅት ደግሞ ከተዘጋ ቆይቷል። እነዚያን ትንንሽ ብረቶች አስለክቶ ማሠራት ሞተሩን ከማደስ በላይ ጊዜ ወሰደብኝ። ትልልቁ ዕቃ ሁልጊዜ ይገኛል። ሰው ኪት ጀምሮ እንዲተው የሚያደርገው የጠፋው ትንሹ ዕቃ ነው።

ስትሄድ ሜትር ያዝ። ሻንሲውን ከግራ ፊት ጥግ እስከ ቀኝ ኋላ ጥግ፣ ከዚያ በተቃራኒው ለካ። ሁለቱ ልኬቶች ከተለያዩ ወይ ተጋጭቷል ወይ ሲበየድ ተጣሟል። ሌላም ነገር ልንገርህ፦ የቮልሱ ዕቃ በሚሊሜትር ቁልፍ ይፈታል፤ አሜሪካ የተሠራው ሻንሲ ብሎኖች ግን በአብዛኛው በኢንች ናቸው። ሁለቱንም የቁልፍ ዓይነት አዘጋጅ።

«ሁሉን ገጣጥሜ ሞተር አስነሳሁ። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ስለቅ ወደ ኋላ ሄደች! ምን አጠፋሁ?» (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰው ስላልተጎዳ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥፋትህ ካምቢዮው ውስጥ ነው፤ ብዙ ሰውም ይሳሳተዋል።

ቮልስ ላይ ሞተሩ ከካምቢዮው በስተኋላ ነው የተንጠለጠለው። ፎርሙላ ቪ ላይ ግን ሞተሩ ከነጂው ጀርባ፣ ከኋላ አክሱ ፊት ይቀመጣል። ይህ እንዲሆን ካምቢዮው ፊቱን ወደ ኋላ ያዞራል። ካምቢዮው ሲዞር ጎማዎቹም በተቃራኒው ይሽከረከራሉ። እንዲሁ ከተውከው አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያላት መኪና አለችህ ማለት ነው።

መፍትሔው ዲፈረንሻሉን ከፍቶ ኮሮናውን (ትልቁን ባለ ጥርስ ቀለበት) ወደ ሌላኛው ጎን ማዞር ነው። ማዞሩ ከባድ አይደለም። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኮሮናው ቦታ ሲቀይር ከፒኞኑ (እሱን ከሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) ጋር ያለው የጥርስ ክፍተት ይለወጣል። በቀጫጭን ሮንዴላ እንደገና መስተካከልና በመለኪያ ሰዓት (ዳያል ጌጅ) መፈተሽ አለበት። ከጠበበ ጥርሱ ይሞቃል፣ ከሰፋ ይሰበራል። ይህን ከዚህ በፊት ካልሠራህ የቮልስ ካምቢዮ ለሚያውቅ ባለሙያ ስጠው። ሁሉን በራስህ እጅ መሥራት እንደምትፈልግ ይገባኛል። ይህ ግን በግምት የሚሠራ አይደለም።

ሲመለስልህ ሞተር ከማስነሳትህ በፊት መኪናዋን ክሪክ ላይ ስቀል። ካንዴላዎቹን ንቀል፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ። የሞተሩን ፑሊ ፊት ለፊት እያየህ በእጅህ ወደ ሰዓት አቅጣጫ አዙር። የኋላ ጎማዎቹ ወደ ፊት ከዞሩ ተሳክቷል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

«የፊት ግራ ጎማ የመሃሉ ዳዶ አልፈታ አለኝ። ቱቦ ጨምሬ ብታገልም እንቢ አለ።» (ከአትላንታ)

እያጠበቅከው ነው! የቮልስ የግራ ፊት ጥርስ ተቃራኒ ነው፤ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ቱቦውን አስቀምጥና ጥርሱ አለመበላቱን እይ። የኋላው ባለ 36 ሚሊ ሜትር የመሃል ዳዶ ግን በሁለቱም በኩል የተለመደው ነው፤ እሱን ቱቦ ያስፈልገዋል። ስትመልሰው ወደ 294 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። በእግር ረግጦ መገመት አይሆንም፣ ቶርክ መለኪያ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚያሳይ ቁልፍ) ተዋስ።

«የ15 ዓመት ልጄ ከእኔ ጋር መኪና መገጣጠም ትፈልጋለች። እኔ የመካኒክ ሙያ የለኝም። እፈራለሁ፣ እምቢ ማለትም አልፈልግም።» (እናት፣ ከሜሪላንድ)

እህቴ፣ እባክዎ እምቢ አይበሉ። ይህች መኪና ለጀማሪ የተመቸች ናት። ኮምፒውተር የላት፣ ራዲያተር የላት፣ ፍሬኗም ያው የድሮ ታምቡርና ሸራ ነው። ልጅዎ እያንዳንዱን ዕቃ በዓይኗ አይታ ሥራውን መረዳት ትችላለች።

ፍርሃትዎን ግን ቦታ ይስጡት። መኪናዋ ብትገለበጥ ነጂውን የሚጠብቀውን፣ ከጭንቅላቱ በላይ ያለውን የብረት ቅስት በብየዳ የተመሰከረለት ባለሙያ ይሥራው። ሽቦ ለማሰርም ቢሆን እሱን ብረት መብሳት ክልክል ነው። ልጅዎ ሄልሜት አድርጋ በመቀመጫዋ ላይ ትቀመጥ፤ የቅስቱ ጫፍ ከሄልሜቷ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ልጆች ያድጋሉና በየጊዜው ይለኩ።

የእርስዎ ሥራ ደግሞ ይህ ይሁን፦ ቀለም ያለው ማርከር ይግዙ። እሷ አንድ ብሎን በቶርክ አጥብቃ ስትጨርስ፣ እርስዎ ደግመው ይፈትሹና ከዳዶው እስከ ብረቱ ድረስ አንድ መስመር ያስምሩበት። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ላልቷል ማለት ነው። መስመር የሌለው ብሎን ካለ መኪናዋ ከጋራዥ አትወጣም። ለዚህ ሙያ አያስፈልግም፣ እናት መሆን ይበቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ አንድ ቅዳሜ ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው ሰሚት ፖይንት ሜዳ ውሰዷት። የክለቡ ውድድር ባለበት ቀን መኪናዎቹ ከመግባታቸው በፊት ይፈተሻሉ። ራቅ ብላችሁ ቆማችሁ ፈታሾቹ መጀመሪያ የት እንደሚነኩ እዩ። ማስታወሻ ደብተሯን እንዳትረሳ።