ነፋሱ ከየት ነው ወይስ ወዴት?

በዚህ እትም ከጎንደር ብቻ ሦስት ጥያቄ መጣ። ሦስቱም ስለ ነፋስና ስለ አቅጣጫ ነው። ተመካክራችሁ ነው እንዴ? ለማንኛውም ሌሎቻችሁ ታገሡኝ፤ የዛሬው ገጽ የጎንደሬዎች ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? አስጎብኚ ነኝ። በቀደም ከአይስላንድ የመጡ ባልና ሚስት ይዤ ፋሲል ግንብ ላይ ወጣን። ነፋሱ ኃይለኛ ነበር፣ የሴትዮዋን ባርኔጣ ሊወስደው ምንም አልቀረው። ወደ ጣና በኩል ስለሚነፍስ እንግሊዝኛዬን ላሳይ ብዬ "ሳውዘርሊ ዊንድ" አልኩ። ወደ ደቡብ የሚሄድ ነፋስ ማለቴ ነው። ሰውየው ሳቅ አለና "ኖ፣ ኖርዘርሊ" አለኝ። እኔ እጄን ወደ ጣና ስዘረጋ እሱ ወደ ሰሜን ተራሮች ይጠቁማል። ማናችን ነን የተሳሳትነው? ደግሞ አያቱ ሰሜን ምሥራቅን "ላንድኖርዱር" ይሉት እንደነበር ነገረኝ። "ላንድ" መሬት አይደለም እንዴ? መሬትን ከሰሜን ምሥራቅ ጋር ምን አገናኘው?
አስጎብኚው፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰውየው ልክ ነው። ነፋስ የሚጠራው በመጣበት እንጂ በሚሄድበት አይደለም። ጎንደር ላይ "ወሎዬው" የምትለው ከወሎ የመጣውን ነው አይደል? ወደ ወሎ የሚሳፈረውንማ ማን ወሎዬ ይለዋል! ገበሬም ቢሆን አውድማ ላይ ፍሬውን ከገለባው ሊለይ ሲነሳ መጀመሪያ አንድ እፍኝ ገለባ ያነሳል፣ ከደረቱ ከፍ አድርጎ ቀስ እያለ ይለቀዋል፣ ገለባው ወዴት እንደሄደ ያያል፣ ከዚያ ግን የሚጨነቀው ነፋሱ ከየት እንደመጣ ነው፤ ምክንያቱም መቆሚያው በዚያ በኩል ካልሆነ እብቁ ዓይኑ ውስጥ ነው የሚገባው። አንተ የገለባውን መሄጃ ነው የተናገርከው።

ግን አንተን ብቻ አልወቅስም፤ እንግሊዝኛው ራሱ ያምታታል። "ኖርዘርሊ ዊንድ" ከሰሜን የሚመጣ ነፋስ ነው። "ኖርዘርሊ ዳይሬክሽን" ሲሆን ደግሞ ወደ ሰሜን ማለት ይሆናል። ያው ቃል እኮ ነው! ባሕር ላይ ሲሆንማ ይብሳል። የነፋስ ስም መምጫው ነው፣ የባሕር ውስጥ ጅረት ስም ግን መሄጃው። ምሥራቃዊ ነፋስ ከምሥራቅ ይመጣል፣ ምሥራቃዊ ጅረት ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። መርከበኛውን አስበው፤ ነፋሱን "ከየት ይመታኝ ይሆን" ይለዋል፣ ውኃውን ደግሞ "ወዴት ይወስደኝ ይሆን"።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የዛሬ ሺህ ዓመት በነበረው እንግሊዝኛ "ኖርዝ" ሰሜን ነው፣ "ኖርዛን" ደግሞ ከሰሜን። መጨረሻዋ ላይ የተለጠፈችው "አን" የእኛን "ከ" ሥራ ትሠራ ነበር። እንግሊዝኛ ጣላት። አይስላንድኛ ግን እስከ ዛሬ ይዟታል። ኖርዱር ሰሜን፣ ሱዱር ደቡብ፣ ኦይስቱር ምሥራቅ፣ ቬስቱር ምዕራብ ነው። ነፋሱ ከዚያ ሲመጣ ኖርዳን፣ ሱናን፣ ኦይስታን፣ ቬስታን ይሆናል። ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው "ኖርዱር" ይላል፣ ከሰሜን የመጣው "አድ ኖርዳን"፣ እዚያው ሰሜን የሚኖረው "ፊሪር ኖርዳን"። ልክ እኛ ወደ ሰሜን፣ ከሰሜን፣ በሰሜን እንደምንለው። እንግዳህ በዚህ ቋንቋ አፉን የፈታ ሰው ስለሆነ መምጫና መሄጃ ሊምታታበት አይችልም።

አሁን ወደ "ላንድ"። እኔ ከሁሉ የወደድኩት ይቺን ነው። አይስላንድን ካቀኑት ሰዎች አብዛኞቹ ከምዕራብ ኖርዌይ የተነሱ ናቸው። የመጀመሪያው ሰፋሪ የገባው በ874 ነው ይባላል፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። እዚያ ኖርዌይ ዳርቻ ላይ ፊትህን ወደ ሰሜን አዙረህ ብትቆም ቀኝህ በሙሉ የብስ ነው፣ ግራህ በሙሉ ባሕር። ስለዚህ ሰሜን ምሥራቅን ላንድኖርዱር አሉት፣ "በየብሱ በኩል ያለው ሰሜን" እንደማለት ነው። ደቡብ ምሥራቅ ላንድሱዱር ሆነ። በባሕሩ በኩል ያሉትን ሁለቱን ደግሞ "ኡት" አሉባቸው፣ ወደ ውጪ፣ ወደ ባሕሩ ማለት ነው፤ ሰሜን ምዕራብ ኡትኖርዱር፣ ደቡብ ምዕራብ ኡትሱዱር። ከዚያ እነዚህን ቃላት ከነጓዛቸው ጭነው ዙሪያዋን ባሕር የከበባት ደሴት ላይ ወረዱ! በአይስላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ ቆሞ "ላንድኖርዱር" የሚል ሰው እጁ የሚጠቁመው ባሕሩን ነው። ቃሉን ግን አልለወጡትም።

ለመሳቅ አትቸኩል ታዲያ፤ እኛ ቤትም አለ። በአራቱ አቅጣጫዎች መካከል ያሉት አራቱ የራሳቸው ስም አላቸው። ሰሜን ምሥራቅ መስዕ፣ ደቡብ ምሥራቅ አዜብ፣ ደቡብ ምዕራብ ሊባ፣ ሰሜን ምዕራብ ባሕር። አዜብን ከንግሥተ አዜብ ታውቃታለህ። እስቲ አሁን ግንቡ ላይ ሆነህ ወደ ሰሜን ምዕራብ እይ። ባሕር አለ? ብትሄድ ብትሄድ ሱዳን ነው የምትገባው። ቀይ ባሕር ያለው በመስዕ በኩል ነው፣ ጣና ደግሞ በደቡብ። በዕብራይስጥ ግን ባሕር የሚለው ቃል ምዕራብ ማለትም ነው፤ ለእነሱ ሜዲትራኒያን ያለው በምዕራብ ነውና። ሊባም ቢሆን ከግሪክ የመጣ ነው፣ እዚያ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ስም ነው። እኛ አገር ገብቶ አቅጣጫ ሆነ እንጂ ነፋስ ነበር። ደግሞ ሲገጥም አየህ፣ የክረምቱን ዝናብ የሚገፋልን ነፋስ በአብዛኛው ከዚያው ከሊባ በኩል ነው የሚመጣው። አይስላንዶችም ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣውን ነፋስ "ኡትሲኒንጉር" ይሉታል፤ ሬይኪያቪክ ላይ በክረምታቸው መጣ ሄደ የሚል በረዶ የሚያወርድባቸው እሱ ነው።

አንድ ልጨምርልህና ልልቀቅህ። አኩሬይሪ የምትባል የሰሜን ከተማ አለቻቸው። የዚያ ሰው ዋና ከተማ ሲሄድ "ሱዱር ልሄድ ነው" ይላል፣ ደቡብ። ካርታ ብታይ ግን ሬይኪያቪክ ለአኩሬይሪ ደቡብ ምዕራብ ናት። ኮምፓስ ማንም አያወጣም፤ አገር የተስማማበት ነው። አንተም ደብረ ታቦርን ደቡብ ጎንደር ትላለህ፣ ከቆምክበት ግንብ ግን አዜብ ናት። ሰውየው ለሰሜን ሲል የጠቆማቸው ሰሜን ተራሮችም በእርግጥ ወደ መስዕ ያደላሉ። እንግዲህ ይሄን ለቀጣዩ እንግዳ ንገረውና ጉርሻህ ከፍ ካለ አስታውሰኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የአዘዞ ሰው ነኝ። እንጀራ ስጋግር ጭሱ በደቡብ በኩል ያለችው ጎረቤቴ ቤት ይገባና ኩርፊያ ነው። የልጅ ልጄ "እማማ፣ ነፋሱን ስልክ ላይ አይተሽ ጋግሪ" አለኝ። ስልኩ "ሰሜን" ይላል፣ ቀስቱ ግን ቁልቁል ነው የሚያሳየው። የቱን ልመን?
እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እማማ፣ ሁለቱም አልዋሹም። ጽሑፉ የሚነግርዎ ነፋሱ ከየት እንደመጣ ነው፣ ቀስቱ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ። ብዙዎቹ ስልኮች እንዲህ ነው የሚያሳዩት፣ ለምን አንዱን መርጠው እንደማያሳዩ እኔም ይገርመኛል። ጣራ ላይ የሚተከለው የብረት ቀስት ደግሞ ተቃራኒ ነው፣ አፍንጫውን ነፋሱ ወደሚመጣበት ያዞራል። አውሮፕላን ማረፊያ የሚሰቀለውን የጨርቅ ከረጢት አይተውት ከሆነ ሰፊው አፉ መምጫው ነው፣ ጭራው መሄጃው።

ስለዚህ ስልኩ "ሰሜን" ባለ ቀን ጭሱ ጎረቤትዎ ዘንድ ነው፣ "ደቡብ" ባለ ቀን ይጋግሩ። ግን ስልኩ የሚያወራው ስለ ሰፊ አካባቢ ነው እንጂ ስለ እርስዎ ጓሮ አይደለም፤ አጥሩና ግድግዳው ነፋሱን ያዞረዋል። ምጣዱን ከመጣድዎ በፊት ትንሽ ጭራሮ ይለኩሱና ጭሱን ይዩት። ለጎረቤትዎም ትኩስ እንጀራ ይላኩላት፣ ከነፋሱ ጋር ከመታገል ይቀላል።

አይስላንዶች እንኳን ነፋስን በአንድ ስም አይጨርሱትም። ፍጹም ጸጥታው "ሎግን" ነው። ከዚያ እስትንፋስ የምታህለው "አንድቫሪ"፣ ቀጥላ "ኩል" (የዓይን ኩሉ አይደለም እማማ)፣ ከዚያ "ጎላ"፣ "ካልዲ" እያለ ይወጣና "ስቶርሙር"፣ "ሮክ" ይደርሳል፣ መጨረሻው "ፋውርቪድሪ" ነው። ያኔ ነፋሱ በሰከንድ 32.7 ሜትር አልፏል፣ በሰዓት 118 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዚያን ቀን ስለ ጭስ የሚያኮርፍ ጎረቤት አይኖርም፣ ምጣዱም ራሱ ላይገኝ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ማራኪ ካፌ ቁጭ ብለን በማኪያቶ ተወራረድን። እኔ የእንግሊዝኛው "ዊንዶው" ከ"ዊንድ" ጋር ምንም አይገናኝም፣ ድምፁ ስለተመሳሰለ ነው አልኩ። እሱ መስኮት ማለት የነፋስ ነገር ነው ይላል። ፍረደን።
ተማሪ፣ ከማራኪ

መልስ፦ "ዊንዶው" ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንቶቹ የስካንዲኔቪያ ሰዎች ነው። ቃሉ "ቪንዳውጋ" ነበር፣ የነፋስ ዓይን ማለት ነው። መስታወት ባልነበረበት ቤት ግድግዳው ላይ ያለ ቀዳዳ ዓይን ይመስላል፣ የሚገባበትም ነፋስ ነው። የሚያስቀው ግን አይስላንዶች ራሳቸው ዛሬ መስኮትን "ግሉጊ" ነው የሚሉት። ከእሷም "ግሉጋቬዱር" የሚባል ቃል አውጥተዋል፣ የመስኮት አየር። ፀሐይዋ ቦግ ብላ ከውስጥ ሲያዩት የሚያምር፣ በሩን ከፍተው ሲወጡ ግን ነፋሱ ፊት የሚገርፍበት ቀን ማለት ነው።

ማኪያቶውን ክፈል።