ጫካ የለበሱ እሳተ ገሞራዎች፦ ስለ ወጨጫ፣ ወንጪና ዝቋላ ጠየቃችሁ

በዚህ እትም የመለስናቸው ጥያቄዎች ሁሉ በአዲስ አበባ ዙሪያና ብዙም ሳይርቁ ስላሉ ሦስት ተራሮች ናቸው። ሦስቱም ከጥንት እሳተ ገሞራ የተፈጠሩ፣ ዛሬም ደን የለበሱ ናቸው። ከየትኛውም ጉዞ በፊት ግን የደኑን ጽሕፈት ቤት ወይም የአካባቢውን አስተዳደር ደውሎ መንገዱ ክፍትና ሰላም መሆኑን መጠየቅ ግድ ነው። ያለ አካባቢው መንገድ መሪ መግባትንም አንመክርም።

ጥያቄ፦ በጥቅምት መጨረሻ አምስት ሆነን ወጨጫን በመናገሻ ሱባ ጫካ በኩል ልንወጣ አስበናል። ስንት ሰዓት ይፈጅብናል? መቼ እንነሳ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ነው። ሰዓቱን እንዲህ አስሉት፦ ለርቀቱ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቁጠሩ፤ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት አንድ ሰዓት ጨምሩ። ለምሳሌ መነሻችሁ 2,500 ሜትር ላይ ቢሆንና እስከ ጫፍ 8 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ፣ ለርቀቱ 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ለ885 ሜትሩ አቀበት ደግሞ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በድምሩ 3 ሰዓት አለፍ ይላል ማለት ነው። ይህ ግን ሳያርፍ ለሚወጣ ጠንካራ ሰው ነው። አምስት ሰው ሲሆን አንዱ ጫማ ያስራል፣ ሌላው ፎቶ ያነሳል፤ ስለዚህ ግማሹን ጨምራችሁ 4 ሰዓት ተኩል ያዙ። ለመውረድ 3 ሰዓት ጨምሩ።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት መራመድ ከጀመራችሁ ጥሩ ነው። ዋናው ነገር የመመለሻ ሰዓት አስቀድሞ መቁረጥ ነው፦ ጫፍ ደረሳችሁም አልደረሳችሁም ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ፊታችሁን አዙሩ። ፀሐይ ወደ 12 ሰዓት ትጠልቃለች፤ ጥቅጥቅ ካለ ጽድ ሥር ግን ጨለማው ቀድሞ ይመጣል። ሁላችሁም የግንባር ባትሪ ያዙ።

ከፍታችሁን ዛፎቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ከታች ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ናቸው። ቅርፊቱ ቀላ ብሎ እንደ ወረቀት የሚላላጥ ኮሶ፣ አጠገቡም ቢጫ አበባ ያለው አሜጃ እየበዛ ከመጣ ወደ 3,000 ሜትር ተጠግታችኋል። ከዚያ አስታና ጅብራ ይተካሉ፤ ነፋሱም ይጀምራል። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ ላብ ያራሰውን ልብስ ቀይራችሁ ሹራባችሁን የምትደርቡት አስታው ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ይሁን። ጽዶቹን ደግሞ ሳትቸኩሉ እዩአቸው። ዘሩ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ከወፍ ዋሻ ጫካ መጥቶ እንደተተከለ ይነገራል፤ እንዲህ ያለ ደን ለዋና ከተማ በዚህ ቅርበት መገኘቱ ትልቅ ጸጋ ነው።

ጥያቄ፦ ጫካ ውስጥ መንገድ የጠፋበት ሰው ወንዝ ተከትሎ ይውረድ ሲባል እሰማለሁ። ትክክል ነው? (ከሆለታ)

መልስ፦ በእነዚህ ተራሮች ላይ አደገኛ ምክር ነው። እሳተ ገሞራ የገነባው ተራራ እንደ እንጀራ የተደራረበ ነው፤ ጠንካራ የቀዘቀዘ ላቫ፣ በመካከሉ ደግሞ ለስላሳ አመድና ፍርስራሽ። ጅረቱ ለስላሳውን ቦርቡሮ ይወስደዋል፣ ጠንካራው ደፍ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከላይ ሲታይ ለስለስ ያለ የሚመስል ሸለቆ ድንገት ፏፏቴ ላይ ይቆማል። በእርጥብ ድንጋይ ተንሸራትቶ እስከ ደፉ የወረደ ሰው መልሶ መውጣት ያቅተዋል፤ ለመዝለል ሲሞክርም ይሰበራል።

ትክክለኛው እርምጃ መጀመሪያ መቆም ነው። በመጨረሻ እርግጠኛ የነበራችሁበትን ቦታ አስታውሳችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። ይህ ካልሆነ ወደ ሸንተረር ውጡ፤ እዚያ እይታም የስልክ ኔትወርክም የተሻለ ነው። ብዙ ሰው የሚጠፋው ጫፍ ላይ ሳይሆን በቁልቁለቱ፣ የከብት መንገድ ተከትሎ ነው። የከብት መንገድ መጀመሪያ ሰፊና የተረገጠ ይሆንና ሣር ያለበት ሜዳ ወይም ውሃ መጠጫ ላይ ሲደርስ በአሥር አቅጣጫ ይበተናል። ወደ መንደር የሚወስደው በአህያ ኮቴና በሰው ጫማ አብሮ የተረገጠው ነው። ስትወጡ በየመንታው ዞር ብላችሁ የኋላችሁን ፎቶ አንሱ፤ መንገዱ ሲመለሱበት ሌላ መልክ አለው። ካርታውን ከቤት አውርዳችሁ፣ ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ በውስጥ ኪስ ያዙት፤ ብርድ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል።

ጥያቄ፦ ስወጣ ምንም አልሆንም፤ ስወርድ ግን እንሸራተታለሁ፣ የአውራ ጣቴ ጥፍርም ይጠቁራል። ጫማዬ አዲስ ነው። (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ጥፍርዎ የሚጠቁረው በየእርምጃው እግርዎ ወደ ፊት እየተንሸራተተ የጫማውን አፍንጫ ስለሚመታ ነው። ጥፍርዎን ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ይቁረጡ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ይቀመጡና ተረከዝዎን ወደ ኋላ ገፍተው፣ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለውን ማሰሪያ ጠበቅ አድርገው ይሰሩ። ወፍራም ካልሲ አድርገው ጣትዎ ጫፉን የሚነካ ከሆነ ግን ጫማው ጠቦዎታል፤ ማሰሪያ አያድንዎትም።

መንሸራተቱ ከአፈሩ ነው። ቀይ ቡናማው የሸክላ አፈር ሲረጥብ ሳሙና ነው፤ በበጋ ደግሞ ጠንካራው መሬት ላይ የተበተነው የጽድ ቅጠልና ፍሬ እንደ ብይ ይንከባለላል። ጉልበትዎን አጠፍ፣ እርምጃዎን አጠር ያድርጉ። ወደ ኋላ አይደገፉ፤ ተረከዝ ብቻ ሲነካ ነው መቀመጫ ላይ የሚያሳርፈው። ሁለት ዱላ ከአንድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከዱባይ መጥቼ ከ62 ዓመት እናቴ ጋር ወንጪን ማየት እፈልጋለሁ። ከፍታው አያስቸግረንም? (ከዱባይ)

መልስ፦ እናትዎ የሚኖሩት ደጋ ከሆነና የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ችግር ከሌለባቸው፣ የበለጠ የሚያሰጋው የእርስዎ ነገር ነው። ከባሕር ጠረፍ መጥተው በማግሥቱ 3,000 ሜትር ላይ አቀበት አይውጡ፤ አዲስ አበባ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይደሩ። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ መውጣቱን ያቁሙ፤ ካልተሻለዎት መድኃኒቱ መውረድ ነው።

በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው ወንጪ አንድ የተለየ ጠባይ አለው፦ ሐይቁ ያለው በጎድጓዳው ውስጥ ስለሆነ በእግር የሚሄድ ሰው ቀድሞ የሚያገኘው ቁልቁለቱን ነው። ሰው በደስታ ይወርዳል፣ ጉልበቱ ሲያልቅ አቀበቱ ይጠብቀዋል። በእግር ከወረዳችሁ ለመመለሻው ለእናትዎ ፈረስ አስቀድመው ይነጋገሩ። ለእያንዳንዳችሁ 2 ሊትር ውሃ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ፣ ከተገኘም በሶ ይበቃል። የጅረት ውሃ ከመጠጣታችሁ በፊት መፍላት አለበት፦ በዚህ ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ዝቋላ ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ይቻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይቻልም። ተራራው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ነው፣ ሐይቁም እንደ ጠበል ይከበራል። 2,989 ሜትር ከፍታ ያለውን ይህን ተራራ በጸጥታ መዞር ከፈለጉ ጥቅምት 5ና መጋቢት 5 አይሂዱ፤ በዓሉ ስለሆነ መንገዱ በምእመናን ይሞላል። እሳት ፈጽሞ አያንድዱ።

ጥያቄ፦ ከአውሬው ይልቅ የገበሬ ውሻ ነው የሚያስፈራኝ። ምን ላድርግ? (ከሰበታ)

መልስ፦ አይሩጡ። ቆመው ዱላዎን በፊትዎ ዝቅ አድርገው ይያዙ፣ ባለቤቱን ጮክ ብለው ይጥሩ። ካልተመለሰ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ይበሉ፤ ብዙውን ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ከነከሰዎት፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡትና በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጤና ተቋም ይሂዱ።